ባንኮክን በወንዝና በባቡር መጎብኘት፦ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

ከአገራችን ወደ ባንኮክ የሚሄደው ሰው ብዙ ጊዜ ሕክምና የሚከታተል ታማሚ፣ አስታማሚ ወይም ልብስ የሚያመጣ ነጋዴ ነው፤ ከተማዋን ለማየት የሚተርፈውም በቀጠሮና በቀጠሮ መካከል የሚገኝ አንድ ሁለት ቀን ብቻ ነው። ያን ውድ ጊዜ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ መጨረስ ያሳዝናል። የባንኮክ የመኪና መንገድ ጠዋትና ማታ ይጨናነቃል፤ ወንዙና ከአስፋልቱ በላይ የተዘረጋው የባቡር መስመር ግን ሁልጊዜ ይሄዳሉ። ስለዚህ ማለዳውን ለወንዙና ለቤተ መቅደሶቹ፣ ቀትሩን ለጥላ፣ ማታውን ለጎዳናው መስጠት ከሁሉ የተሻለ አካሄድ ነው።

1. ከመነሳትዎ በፊት

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ማመልከቻው የሚቀርበው በታይላንድ መንግሥት የኢንተርኔት ቪዛ ገጽ ነው። ከዚያ በተጨማሪ ከ2025 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ግንቦት ወር ጀምሮ ማንኛውም የውጭ አገር መንገደኛ ከመድረሱ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ የመግቢያ ካርዱን በኢንተርኔት መሙላት አለበት። ካርዱ በነፃ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠመዎ የመንግሥት አለመሆኑን ይወቁ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ታይላንድ ከኢትዮጵያ ከሚመጣ መንገደኛ ይህን ካርድ ትጠይቃለች፤ ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት የተወሰደ መሆን አለበት። ዘመድ ጥየቃ አዲስ አበባ ሰንብተው ወደ ባንኮክ የሚያልፉ የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት ያላቸው ወገኖቻችንም ካርዱን ይያዙ፤ የሚታየው የፓስፖርቱ ቀለም ሳይሆን የመጡበት አገር ነውና።

ወቅቱን መምረጥ ከቻሉ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለስላሳ ነው። ሚያዝያ እጅግ ይሞቃል፤ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 5 አካባቢ የሚጀምረው ሶንግክራን የተባለው የአዲስ ዓመት በዓላቸው ሲደርስ ደግሞ ከተማው በሙሉ ውሃ ይራጫል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብ አለ። በየትኛውም ወር ቢሄዱ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የኖረ የአዲስ አበባ ሰው ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ ወደማትል ከተማ ሲወርድ ወበቁ ይከብደዋልና፣ የመጀመሪያውን ቀን በእረፍት ቢያሳልፉት ይሻላል።

2. ኤርፖርት ሲደርሱ

ሱዋናፑም ኤርፖርት ላይ ወደ ኢሚግሬሽን ከመሰለፍዎ በፊት የጤና መቆጣጠሪያ የሚል ጽሑፍ ያለበትን መስኮት ይፈልጉና የክትባት ካርድዎን ያሳዩ። ሳያሳዩ ረጅሙን ሰልፍ ጨርሶ መመለስ አድካሚ ነው። ሻንጣዎን ከወሰዱ በኋላ ወደ ምድር ቤቱ ይውረዱ፤ የባቡሩ ጣቢያ ያለው እዚያ ነው፤ በአጠገቡ ያሉት የምንዛሪ ቤቶችም ፎቅ ላይ ካሉት ባንኮች የተሻለ ይሰጣሉ። ባቡሩ በ45 ባህት (የታይላንድ ገንዘብ) ግማሽ ሰዓት በሚያህል ጊዜ ፓያ ታይ ጣቢያ ያደርስዎታል፤ ከዚያ ወደ ከተማው የሰማይ ባቡር ይቀይራሉ።

ታማሚ ወይም ብዙ ሻንጣ ካለዎት ታክሲ ይያዙ። በታክሲ መያዣው ያለው ማሽን የሚያወጣልዎትን ወረቀት ለሾፌሩ አይስጡ፤ የመኪናው መረጃ ያለበት ስለሆነ ዕቃ ቢረሱ ይጠቅምዎታል። ቆጣሪው ከ35 ባህት ይነሳል፤ ከኤርፖርት ሲነሱ 50 ባህት ይጨመራል፤ የፈጣን መንገድ ክፍያውም የተሳፋሪው ነው። ቆጣሪ አላበራም የሚል ሾፌር ካጋጠመዎ ሌላ መኪና ይያዙ።

3. የወንዙ ቀን

አንድ ቀን ብቻ ካለዎት ይህንን ያድርጉ። በሰማይ ባቡሩ ሳፓን ታክሲን ጣቢያ ይውረዱ፤ ከጣቢያው ሥር የሳቶን ጀልባ ማቆሚያ አለ። ለቱሪስት ተብሎ በውድ የሚሸጥ ጀልባ አለ፤ እርስዎ ግን ብርቱካናማ ባንዲራ የሚያውለበልበውን ይጠብቁ፤ የከተማው ሰው ወደ ሥራ የሚሄደው በእሱ ነው፣ ዋጋውም 16 ባህት ገደማ ነው። ቲኬት ቆራጯ ሳንቲም የያዘ ረጅም የብረት ቆርቆሮ እያንኳኳች በተሳፋሪው መካከል ታልፋለች፤ ዝርዝር ገንዘብ አዘጋጅተው ይጠብቋት።

ታ ቻንግ ላይ ወርደው ወደ ታላቁ ቤተ መንግሥት ይሂዱ። በሩ የሚከፈተው በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ በእነሱ 8፡30 ነው፤ በዚያ ሰዓት ይድረሱ፤ ፀሐዩ ከበረታ በኋላ ግቢው ይፋጃል። መግቢያው 500 ባህት ነው። ንጉሥ ቀዳማዊ ራማ ዋና ከተማቸውን ወደ ወንዙ ምሥራቃዊ ዳርቻ ባዛወሩበት በ1782 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረ ግቢ ነው፤ በውስጡ ያለው አረንጓዴ የቡድሃ ምስል ቁመቱ 66 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም በአገሩ ዘንድ ከሁሉ የከበረ ነው፣ ልብሱንም በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ወቅቱ ሲለወጥ የሚቀይርለት ንጉሡ ነው። ጉልበትና ትከሻ የሚሸፍን ልብስ ግዴታ ነው፤ እጅጌ በሌለው ልብስ ላይ ነጠላ ደርቦ መምጣት ላይበቃ ስለሚችል እጅጌ ያለው ይልበሱ። ጫማ ማውለቁን እኛ ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም እናውቀዋለን።

በአጥሩ ዙሪያ ሥርዓት ያለው የሚመስል ሰው ቀርቦ “ዛሬ ዝግ ነው፤ በርካሽ ባጃጅ ሌላ ቦታ ላሳይዎት” ቢልዎ አያምኑት። መጨረሻው የከበረ ድንጋይ ሱቅ ነው፤ ዝግ መሆን አለመሆኑን በሩ ላይ ደርሰው በዓይንዎ ይዩ።

ከቤተ መንግሥቱ ወደ ደቡብ ጥቂት ሲራመዱ ዋት ፖ የተባለውን ቤተ መቅደስ ያገኛሉ። በጎኑ የተጋደመው ቡድሃ 46 ሜትር ይረዝማል፤ የውስጥ እግሩ በዕንቁ ዛጎል የተሠሩ 108 ምልክቶች አሉት። ከጀርባው በኩል 108 የነሐስ ሳህኖች በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል፤ ሰዎች በየተራ ሳንቲም እየጣሉባቸው ሲያልፉ አዳራሹ በሙሉ ያቃጭላል። ለእኔ ከወርቁ ይልቅ የሚደንቀው ይህ ድምፅ ነው፤ ስለዚህ ፎቶ አንስተው ብቻ አይውጡ፣ ጥቂት ቆመው ያዳምጡ።

ከዚያ በታ ቲየን በኩል በ5 ባህት ማሻገሪያ ጀልባ ወደ ዋት አሩን ይሻገሩ። ከሩቅ ነጭ የሚመስለው ግንብ ሲቀርቡት በተሰባበረ የቻይና ሸክላ የተለበጠ መሆኑን ያያሉ፤ የሳህን ስባሪው የአበባ ቅጠል፣ የሲኒው ቂጥ የአበባው እምብርት ሆኗል። ደረጃው ቁልቁል ነውና የጉልበት ሕመም ያለበት ሰው ከታች ሆኖ ቢያየው ይበቃል።

4. ቀትርና ማታ

ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ከፀሐይ ይሽሹ። ነጋዴ ከሆኑ ይህ ሰዓት ፕራቱናም ለተባለው የልብስ ገበያ ይመቻል፤ ከአንድ ዓይነት ልብስ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ሲያነሱ ብዙ ጊዜ በጅምላ ዋጋ ይሸጡልዎታል። ቅዳሜና እሑድ ከሆነ በሺህ የሚቆጠሩ ሱቆች ያሉበት የቻቱቻክ ገበያ አለ፤ ወደዚያ ግን ጠዋት ይሂዱ።

ሲመሽ በምድር ውስጥ ባቡር ዋት ማንግኮን ወርደው ያዎራት ወደሚባለው የቻይናዎች ሠፈር ይውጡ። ቀደም ብለው ከደረሱ በአቅራቢያው ያለውን ዋት ትራይሚት ይዩ፤ 5.5 ቶን የሚመዝነው የወርቅ ቡድሃ ያለው እዚያ ነው፤ ለብዙ ዘመን በልስን ተሸፍኖ ኖሮ በ1955 (እ.ኤ.አ.) ሲያዛውሩት ልስኑ በመሰበሩ ወርቅነቱ ታወቀ።

5. ምግብ

ለጾመኛ ዋናው ችግር የዓሣ መረቅ ነው፤ አትክልት ብቻ በሚመስለው ወጥ ውስጥ ሳይቀር ይገባል፣ ደቃቅ ሽሪምፕም እንዲሁ። ቢጫ ላይ በቀይ ፊደል “ጄ” ብለው የሚጽፉባቸው ምግብ ቤቶች ግን ከእንስሳ የሚገኝ ምንም ነገር አያስገቡም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳን ይተዋሉ። ምልክቱን በስልክዎ ይያዙ፤ “ኪን ጄ” ማለትም ይበቃል። ሐላል ለሚፈልግ ናና አካባቢ የዓረብ ምግብ ቤቶች ሞልተዋል። በርበሬ ስለለመዱ የእነሱ ቃሪያ አያስቸግረኝም ብለው አይገምቱ፤ “ማይ ፔት” ብለው ያለ ቃሪያ ያሠሩና ጠረጴዛው ላይ ካለው በልክዎ ይጨምሩ። የቧንቧ ውሃ አይጠጡ። የታሸገ ነገር ላይ 2569 የሚል ዓመት ቢያዩ አይደንግጡ፤ ዘመን አቆጣጠራቸው ከፈረንጁ በ543 ዓመት ስለሚቀድም 2026 ማለት ነው።

6. አክብሮትና ሕግ

ንጉሡንና ቤተሰባቸውን የሚነካ ንግግር፣ ስልክ ላይ የሚጻፍም ቢሆን፣ በአንቀጽ 112 ከ3 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ መዝሙር ሲሰማ ሰው ሁሉ ከቆመ እርስዎም ይቁሙ። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የተከለከለ ነው። የሰው ራስ አይንኩ፣ እግርዎን ወደ ምስል አይዘርጉ፤ መነኩሴን ሴት አትነካውም፣ በእጇም ዕቃ አታቀብለውም።

7. ሲመለሱ

ከአንድ ሱቅ በአንድ ቀን 2,000 ባህትና ከዚያ በላይ ከገዙና ሱቁ የቱሪስት ተመላሽ አሠራር ካለው፣ ፓስፖርትዎን አሳይተው የዚያኑ ዕለት የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመላሽ ቅጽ ያስሞሉ። ኤርፖርት ሲደርሱ ቅጹን ሻንጣዎን ከማስረከብዎ በፊት ለጉምሩክ ያሳዩ፤ ዕቃው ከገባ በኋላ ማኅተም ለማግኘት ይቸገራሉ። ገንዘቡን የሚቀበሉት ኢሚግሬሽን ካለፉ በኋላ ነውና ለዚህ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ያስቡ።