ለ12 ቮልት መስመር ቲቪኤስ ዳዮድ እንዴት ይመረጣል?

ድሬዳዋ ውስጥ ለጥገና የሚመጡልኝ የባጃጅ የስልክ ቻርጀሮች አብዛኞቹ የሚበላሹት በእርጅና ሳይሆን ከባትሪው መስመር በሚመጣ ድንገተኛ የቮልቴጅ ንረት ነው። ጥሩምባ ሲነፋ፣ ሪሌ ሲለቅ፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ሞተሩ እየሠራ የባትሪው ገመድ ሲላቀቅ፣ መስመሩ ላይ ከ12 ቮልት ብዙ እጥፍ የሆነ ቮልቴጅ ለአጭር ጊዜ ይወጣል። ቲቪኤስ የሚባለው ዳዮድ የሚገጠመው ለዚህ ነው፤ ቮልቴጁ ጤናማ ሲሆን እንደሌለ ሆኖ ይቀመጣል፣ ከወሰኑ ሲያልፍ ግን በቅጽበት መንገድ ከፍቶ ትርፉን ወደ ኔጋቲቩ ያሳልፈዋል።

በመጀመሪያ መስመሩ በጤናማ ሁኔታ የሚደርስበትን ከፍተኛ ቮልቴጅ ሞተሩን አስነስተው በቴስተር ይለኩ። ባትሪው ላይ የተጻፈው 12 ለዚህ ሥራ አይጠቅምም፤ ቻርጅ በሚሆንበት ጊዜ 14.4 ቮልት ይደርሳል፣ የቻርጁን ቮልቴጅ የሚቆጣጠረው ሬጉላተር ያረጀ ከሆነም ከዚያ ያልፋል። የ12 ቮልት ተብሎ የሚሸጥ ባለ36 ሴል የሶላር ፓኔልም ጭነት ሳይኖርበት ከ21 ቮልት በላይ ስለሚሰጥ፣ ለባትሪው የተመረጠ ዳዮድ ለፓኔሉ አይሆንም።

ቀጣዩ እርምጃ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የአንድ ቲቪኤስ ዳዮድ የመረጃ ሰነድ ሦስት የተለያዩ ቮልቴጆችን ይዟል። አንደኛው ዳዮዱ ሳይከፍት ሁልጊዜ ሊሸከመው የሚችለው ነው፤ ሁለተኛው መክፈት የሚጀምርበት ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚለካው በ1 ሚሊአምፔር ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ንረቱ በሙሉ ኃይሉ ሲመጣ ዳዮዱ የሚገድብበት፣ ማለትም ከኋላ ያለው ሰርኪት በእርግጥ የሚያየው ቮልቴጅ ነው። ግራ የሚያጋባው፣ በዳዮዱ ስም ውስጥ ያለው ቁጥር እንደየቤተሰቡ ትርጉሙ መለያየቱ ነው። ኤስኤምቢጄ15ኤ ላይ 15 ማለት ዳዮዱ ሁልጊዜ የሚሸከመው ቮልቴጅ ነው። ፒ6ኬኢ15ኤ ላይ ግን ያው 15 መክፈት የሚጀምርበትን ነው የሚያመለክተው፤ ይህ ዳዮድ ሁልጊዜ የሚሸከመው 12.8 ቮልት ብቻ ሲሆን ከ14.3 ጀምሮ ሊከፍት ይችላል።

ይህን ልዩነት የተማርኩት በደንበኛ ንብረት ላይ ነው። «15 ከ14.4 ይበልጣል» ብዬ አንድ ቻርጀር ላይ ፒ6ኬኢ15ኤ ገጠምኩ፤ ጠረጴዛዬ ላይ በ12.6 ቮልት ባትሪ ስሞክረው ምንም ችግር አላሳየም። ባለባጃጁ በማግስቱ ሲመልሰው የዳዮዱ ገላ ቡናማ ሆኖ፣ ሥሩ ያለው ቦርድ ከስሎ፣ ከባትሪው የሚመጣው ቀይ ገመድ ልባሱ ቀልጦ ነበር። ሬጉላተሩን ስለካው 15 ቮልት ገደማ ያወጣል፤ ዳዮዱ ቀኑን ሙሉ ከፍቶ ሲግል ውሎ በመጨረሻ ሾርት ሆኗል ማለት ነው። ገመዱ የቀለጠው ግን እኔ ፊውዝ ስላላስገባሁ ነው። ቲቪኤስ ዳዮድ ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ ሾርት ሆኖ ስለሚሞት፣ ከፊቱ ፊውዝ የሌለው ዳዮድ ባይገጠም ይሻላል።

አሁን ለባጃጅ የምመርጠው ኤስኤምቢጄ18ኤ ነው። ሁልጊዜ 18 ቮልት ይሸከማል፣ የሚገድበው በ29.2 ቮልት ነው፤ ቻርጀሮቹ ውስጥ በብዛት የማገኘው ኤልኤም2596 የተባለው ቮልቴጅ የሚቀንስ አይሲ ደግሞ እስከ 40 ቮልት ይቀበላል። የሚገድብበትን ቮልቴጅ ማመሳከር ያለብዎት ግን ከአይሲው ጋር ብቻ ሳይሆን ከመስመሩ ደካማ ዕቃ ጋር ነው። መግቢያው ላይ የ16 ቮልት ካፓሲተር ካገኙ አውጥተው በ35 ቮልት ይተኩት።

ስለ ኃይሉ ሲነገር ለኤስኤምቢጄ ዳዮዶች የሚሰጠው 600 ዋት የሚለው ቁጥር የሚሠራው በ1 ሚሊሰከንድ ገደማ ወደ ግማሹ ለሚወርድ አጭር ንረትና በ25 ዲግሪ ሙቀት ነው። ከከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ ወጥቶ የሰኔ ፀሐይ ላይ የሚውል ባጃጅ ውስጥ ያ ሙቀት የለም፤ ባትሪ ሲላቀቅ የሚመጣው ንረትም በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊሰከንድ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ለዋናው መስመር ባለ1500 ዋቱን ኤስኤምሲጄ18ኤ እመክራለሁ፤ የዋጋው ልዩነት አንድ ቦርድ ከማጣት አይበልጥም።

ሲበይዱ የቀለበት ምልክት ያለበትን ጫፍ ወደ ፖዘቲቩ ያድርጉ። ስሙ በሲኤ የሚያልቀው በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚሠራ ለዚህ አይፈለግም። ዳዮዱ ገመዱ ከሚገባበት ቦታ አጠገብ፣ እግሩ በተቻለ መጠን አጥሮ ይቀመጥ፤ 1 ሴንቲሜትር ሽቦ 10 ናኖሄንሪ ገደማ ኢንዳክታንስ (የኤሌክትሪክ ፍሰት በፍጥነት ሲለወጥ የመቃወም ባሕርይ) ስላለው፣ በ1 ናኖሰከንድ 30 አምፔር በሚደርስ የስታቲክ ብልጭታ ጊዜ ያቺ አንድ ሴንቲሜትር ብቻዋን 300 ቮልት ትጨምራለች።

ከገበያ የተገዛ ዳዮድ ላይ ያለውን ጽሑፍ ብቻ አምኜ አልገጥምም። 30 ቮልት በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር አሳልፌ፣ ቀለበቱን ወደ ፖዘቲቭ አድርጌ፣ በዳዮዱ ሁለት ጫፎች ላይ እለካለሁ። ኤስኤምቢጄ18ኤ የተባለው ከ20 እስከ 22.1 ቮልት ውስጥ ካላሳየኝ ወደ ሻጩ እመልሰዋለሁ።