የአዘዞ ቁልቁለትና የሚያነባ ዓይን

ከኅዳር እስከ ጥር፣ ጠዋት ጠዋት ከጎንደር ፒያሳ ወደ አዘዞ በሳይክል እወርዳለሁ። የማስተምረው እዚያ ነው። መንገዱ 12 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ አብዛኛው ቁልቁለት። በ12 ሰዓት ተኩል ስነሳ ጣቶቼ ፍሬኑን በቅጡ አይጨብጡም። ትንሽ እንደወረድኩ ደግሞ እንባዬ ይጀምራል።

በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጠዋት መንገዱ ሁሉ ደብዝዞብኝ እንጨት ከተጫኑ አህዮች መሃል ልገባ ለጥቂት ተረፍኩ። የአህዮቹ ባለቤት የሆኑ እናት፣ «ልጄ፣ ዓይንህን ብርድ መትቶታል፤ ተሸፈን እንጂ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። እንዴት እንደምሸፈን ለማወቅ ግን ሁለት በጋ ፈጀብኝ።

መጀመሪያ ይህን እወቁ። ዓይናችሁ የሚያነባው ስለደረቀ ነው። ዓይናችን ላይ ስስ የእንባ ሽፋን አለ። የበጋው አየር ደረቅ ነው። በዚያ ላይ ቁልቁለቱን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስንወርድ፣ ዛፍ በማይነቃነቅበት ጠዋት እንኳ ነፋሱን ራሳችን እንፈጥረዋለን። ሽፋኑ ይተንና ዓይን ይቆጠቁጣል። ያኔ የእንባ እጢው ዓይንን ለማዳን እንባ ያጎርፋል። የእንባ መውረጃው ቦይ ደግሞ ከዓይን ውስጠኛ ጥግ ወደ አፍንጫ የሚሄድ ጠባብ ነገር ነው። አፍንጫችሁም አብሮ የሚፈስበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቦዩ ያልቻለው በጉንጭ ይወርዳል።

ስለዚህ ከእንባው ጋር አትታገሉ፤ ነፋሱን አስቁሙ።

እኔ የጀመርኩት በጥቁር የፀሐይ መነጽር ነው። ስህተት ነበር። ንጋት ላይ ጉድጓድ አያሳይም፤ በጎኑም ነፋስ ያስገባል። የሚያስፈልጋችሁ ፊት ላይ ልጥፍ የሚል፣ ጎኑ ወደ ጆሮ የሚታጠፍ፣ መስተዋቱ ቀለም የሌለው መነጽር ነው። የኔ እንጨት ሠራተኞች የሚያደርጉት የፕላስቲክ መከላከያ ነው። የሕንፃ መሣሪያ ከሚሸጥበት ሱቅ ገዛሁት። ከብዙ ውድ መነጽር ይሻላል ብዬ በሙሉ ልቤ እናገራለሁ። ስትገዙ ሱቁ ውስጥ አጥልቁትና ሻጩ ከጎን በደብተር ያራግብላችሁ። ሽፋሽፍታችሁ ላይ ነፋስ ከተሰማችሁ ሌላ ምረጡ። ጭራሽ የታፈነም አትውሰዱ፤ ጉም ይለብሳል። ስትቆሙ ወደ አፍንጫችሁ ጫፍ ዝቅ አድርጉት፣ ወዲያው ይጠራል። አፍና አፍንጫችሁን በሻሽ ካፈናችሁ ትንፋሹ ሽቅብ ወጥቶ መነጽሩን ያጨልመዋል። ሻሹን ከአፍንጫ በታች እሰሩት።

ከሰዓት ስትመለሱ ጥቁሩን አድርጉ። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ዓይንና ቆዳ የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ቁልቁለት ላይ ሳናውቀው ዓይናችንን አፍጥጠን ነው የምንነዳው። ሆን ብላችሁ ቶሎ ቶሎ አርገብግቡት። ማየት ካቃታችሁ ፍሬን ይዛችሁ ዳር ቁሙ። አምስት ደቂቃ ማርፈድ ይሻላል።

ወደ ቆዳው ልምጣ። እንባ ጨው አለው፤ ብርድ ያደረቀው ጉንጭ ላይ ሲወርድ ይለበልባል። የኔን ያባሰው ግን የገዛ እጄ ነው። መንገዱን ሁሉ በናይለን ጃኬቴ እጅጌ ስፈትግ የገና በዓል ሲደርስ ጉንጬ ተልጦ ነበር። አሁን ካረጀ ነጠላ የተቀደደ ንጹሕ ጨርቅ ኪሴ አይጠፋም። ነካ ነካ አድርጋችሁ አድርቁ እንጂ አትፈትጉ።

ጠዋት ፊታችሁን በሳሙና አትታጠቡ፤ ለብ ያለ ውኃ ይበቃል። ከመውጣታችሁ 15 ደቂቃ በፊት ቫዝሊን በስሱ ጉንጫችሁና አፍንጫችሁ ዳር ቀቡ። ከንፈርም አይረሳ። ወደ ሽፋሽፍት አታስጠጉት፤ ዓይን ከገባ ያደበዝዛል። እናቴ ትቀባኝ የነበረው ለጋ ቅቤ ነው። ቤት ውስጥ እወደዋለሁ፤ መንገድ ላይ ግን አዋራውን ሁሉ ይሰበስባል። ማታ አዋራውን ታጠቡና ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ቫዝሊኑን ድገሙ። ከየሱቁ ፊት ያጠራል እየተባለ የሚሸጥ ክሬም አደራ አትቀቡ። አንዳንዱ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት አለበት፤ ቆዳን ያሳሳል።

ቤት ከገባችሁም በኋላ እንባው ካላቆመ፣ አይነር ከበዛ፣ ብርሃን ከከበዳችሁ፣ ካመማችሁ ወይም አንዱ ዓይን ብቻ ከሆነ ብርድ ነው ብላችሁ አትተዉት። በአካባቢያችን ትራኮማ የሚባል የዓይን በሽታ አለ፤ ሲቆይ ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ ያጥፋል። የታጠፈው ሽፋሽፍት ደግሞ ዓይንን እየፋቀ ያስነባል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ፤ ታዩ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ጠብታ አትግዙ። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎንደር በስተሰሜን ከፍታ ላይ ወዳለው ኮሶዬ የምትወጡ ካላችሁ፣ እዚያ ብርዱ ይብሳል። ሽቅቡ ላይ ስለሚያልባችሁ መነጽሩ ጉም ይለብሳል፤ አውልቃችሁ ኪስ ክተቱት። ለመመለስ ስትነሱ መጀመሪያ ላቡን አድርቁ፣ ቫዝሊኑን ድገሙ፣ ከዚያ መነጽሩን አጥልቃችሁ ውረዱ።