የደብረ ብርሃን ብርድ ያልተነገረው ኢንቨርተር፦ ለትልቅ የሶላር ጣቢያ ስንገዛ የምንሠራቸው ስህተቶች

በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ የመንዝ ገበሬ ቀንዱን ብቻ አይቶ ብር አይቆጥርም። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ወዲያ ወዲህ ያስኬደዋል፣ ጫንቃውን ይዳስሳል። ብዙ ሚሊዮን የሚወጣበት የሶላር ጣቢያ ኢንቨርተር ግን ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በዳታሺቱ (አምራቹ በሚሰጠው የማሽኑ መግለጫ) የመጀመሪያ ገጽ ነው። ኪሎ ዋቱ፣ ዋጋው፣ የብቃት መቶኛው። በቃ።

ኢንቨርተር ፓነሎቹ የሚሰጡትን ዲሲ (ባንድ አቅጣጫ የሚፈስ) ኃይል ወደ ኤሲ (አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚፈስ) ቀይሮ ወደ መስመር የሚያስገባው ማሽን ነው። አሁን አሁን ሥራው መቀየር ብቻ አይደለም፤ ቮልቴጅ ይጠብቃል፣ መስመሩ ሲናወጥም ይደግፋል። ሰሜን ሸዋን ምሳሌ ያደረግኩት አገሬ ስለሆነ ብቻ አይደለም (እሱም አለበት)። በአንድ ዞን ውስጥ ቁርም ሐሩርም ስላለ፣ የተሳሳተ ምርጫ ቶሎ የሚጋለጥበት ቦታ ነው።

ከፍታውን መርሳት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መሐል ሜዳ ከ3,000 ታልፋለች። ዳታሺቱ ላይ የተጻፈው ኃይል ግን የሚሠራው እስከ ተወሰነ ከፍታ ድረስ ነው። ወሰኑ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ከዚያ በላይ ማሽኑ ኃይሉን ይቀንሳል። ይህ የሚጻፈው መጨረሻ ገጽ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል ነው።

ምክንያቱ ሁለት ነው። በ2,800 ሜትር አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ማራገቢያው ያው ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። ስስ አየር ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙም ስለሚደክም፣ በሁለት ባዶ ብረቶች መካከል ብልጭታ መዝለል ይቀለዋል። ዓለም አቀፉ የኢንሱሌሽን (የኤሌክትሪክ መከላከያ) ደረጃ መነሻው 2,000 ሜትር ነው፤ በ3,000 ሜትር ላይ በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት በ1.14 እንዲባዛ ይጠይቃል። «አገሩ ብርድ ስለሆነ ማሽኑ አይግልም» የሚል ሰው በየስብሰባው አይጠፋም። ብርዱ ይረዳል፣ እውነት ነው። ክፍተቱን ግን አያሰፋውም።

ውርጩን ከሒሳብ ማስወጣት

እዚህ ላይ ቆየት ልበል፤ በጣም የሚያናድደኝ ስህተት ይህ ነው።

አንድ ዓመት ታኅሣሥ ላይ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብለን ለሙከራ አንድ ፓነል አቁመን ነበር። ጠዋት ስንደርስ መስታወቱ ላይ አመዳይ ጋግሯል። ጋቢ የለበሰው ጥበቃ እሳቱ ዳር ሆኖ «ዛሬስ ለእኛም አልሆነ» አለን። አመዳዩ ቀልጦ ፀሐይዋ እንደበረታች ሜትሩን ሰካን። ፓነሉ ላይ የተለጠፈው 50 ቮልት ይላል፤ ሜትሩ 52 አልፎ ነበር። የሶላር ፓነል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ይጨምራል። ልጥፉ ላይ ያለው ቁጥር የተለካው በ25 ዲግሪ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ፓነሉ 50 ቮልት ነው። በቀዘቀዘ ቁጥር በዲግሪ 0.26 በመቶ ይጨምራል። የኢንቨርተሩ ጣሪያ 1,500 ቮልት ነው። ግድ የሌለው ሰው 1,500ን ለ50 አካፍሎ በአንድ ሰንሰለት 30 ፓነል ይቀጥላል። ፓነሉ ዜሮ ዲግሪ ሲደርስ ግን እያንዳንዱ 53.25 ቮልት ይሆናል፤ 30ዎቹ 1,597 ያልፋሉ። ስለዚህ 28 ይበቃል። ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ሲወርድስ? 28ቱ ራሳቸው 1,501.9 ይደርሳሉ። ወደ 27 መውረድ ግድ ነው።

አንድ ፓነል ነች፣ ግን ጣሪያው ላይ ቀልድ የለም። ክፉው ሰዓት ጠዋት ነው። ፓነሉ ገና እንደ በረዶ ነው፣ ፀሐይዋ ግን ወጥታለች። ያኔ መብራት ከሄደ ኢንቨርተሩ ኃይል መሳቡን ያቆምና ሰንሰለቱ ሙሉ ቮልቴጁን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ የአዲስ አበባን የአየር ጠባይ መረጃ አምጥቶ ለመንዝ መሥራት አይቻልም። የቦታውን ዝቅተኛ ሙቀት ለኩ። የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊቶች በተለይ።

ቆላውን በደጋ ዓይን ማየት

ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት የገባ ሰው ካፖርቱን መንገድ ላይ ያወልቃል። ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርዷል። የከፍታ ጣጣው ይቀላል፣ የሙቀቱ ይመጣል። አምራቾች የአንድ ማሽን ኃይል በ30፣ በ40 እና በ50 ዲግሪ ስንት እንደሆነ ለየብቻ ይሰጣሉ። ሻጩ የሚያወራላችሁ ስለ 30ው ነው። እናንተ የምታዩት የ40ውንና የ50ውን ነው።

ለ0.3 በመቶ ብቃት መሞት

«የእኛ 99 በመቶ ነው፣ የእነሱ 98.7» የሚል ክርክር ሰምቼ ሰምቼ ሰልችቶኛል። 50 ሜጋ ዋት ጣቢያ እንውሰድና እያንዳንዱ ሜጋ ዋት በቀን 5 ሜጋ ዋት ሰዓት ይሰጣል እንበል። 0.3 በመቶው በዓመት 274 ሜጋ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። አሁን አንድ ባለ 4 ሜጋ ዋት ሴንትራል ኢንቨርተር (የብዙ ሰንሰለቶችን ኃይል ባንድ ላይ የሚቀይር ትልቅ ማሽን) ይቁም። በቀን 20 ሜጋ ዋት ሰዓት ይቀራል። በ14 ቀን 280። የዓመቱ ትርፍ በሁለት ሳምንት ተበላ ማለት ነው። መለዋወጫ ካርድ ታዝዞ፣ የውጭ ምንዛሪ ተገኝቶ፣ ጅቡቲ ደርሶ፣ ከጉምሩክ ወጥቶ በሁለት ሳምንት ይገባል የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

ስትሪንግ ኢንቨርተር፣ ማለትም ጥቂት ሰንሰለቶችን ብቻ የሚይዘው ትንሹ፣ ከ200 እስከ 350 ኪሎ ዋት አካባቢ ነው። አንዱ ቢሞት ጥቂት ሰዎች ተጋግዘው ያወርዱታል፣ ከመጋዘን ሌላው ይሰቀላል። የኬብልና የግንኙነት ብዛቱ ራስ ምታት ነው፣ አልክድም። ለእኛ ሁኔታ ግን እኔ ወደዚህ አደላለሁ፤ መለዋወጫው ከመጀመሪያው ውል ጋር አብሮ ከተገዛ።

መስመሩን አለመጠየቅ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 2016 በካሊፎርኒያ የሰደድ እሳት ከፍተኛ የኃይል መስመሮችን አናወጠ። ወደ 1,200 ሜጋ ዋት የሚጠጋ የሶላር ኃይል ባንዴ ጠፋ። ጣቢያዎቹ አልተቃጠሉም። የተወሰኑት ኢንቨርተሮች የቅጽበቱን መናወጥ የፍሪኩዌንሲ (ኤሲ ኃይል በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር) መውደቅ መስሏቸው ራሳቸውን አጠፉ፤ ሌሎቹ ቮልቴጁ ሲወርድ ኃይል መስጠት አቆሙ። አይትሪፕልኢ የተባለው የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር 2800 የተባለው ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ ካስቀመጣቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነው፤ ኢንቨርተር በትንሽ መናወጥ መሸሽ የለበትም።

ስለዚህ ማሽኑን ከመምረጥ በፊት የሚገናኝበትን ነጥብ ጥንካሬ እወቁ። የዚያ ነጥብ የሾርት ሰርኪዩት አቅም (ሽቦዎቹ ቢነካኩ መስመሩ ሊያፈስ የሚችለው ኃይል) ለጣቢያው ሜጋ ዋት ሲካፈል ከ3 በታች ከመጣ መስመሩ ደካማ ነው። ተራ ኢንቨርተር የመስመሩን ቮልቴጅ ተከትሎ ስለሚሠራ ደካማ መስመር ላይ ይዋልላል። ቮልቴጁንና ፍሪኩዌንሲውን ራሱ የሚፈጥረው ግሪድ ፎርሚንግ የሚባለው ነው። እሱንም ስሙን ብቻ ሰምቶ መግዛት አለ። ባትሪ ወይም የተቆጠበ ኃይል ከጀርባው ከሌለ፣ መስመሩ ሲጎድል ከየት አምጥቶ ይሙላ? የማሽኑን የኮምፒውተር ሞዴል ከሻጩ ተቀበሉና ከመስመሩ ጋር አስሞክሩት።

ጥቃቅን የሚመስሉት

ምንጃር ላይ ጤፍ ሲወቃ የገለባው ብናኝ የት እንደሚደርስ የአገሩ ሰው ያውቃል። የማራገቢያው ማጣሪያ በስንት ጊዜ እንደሚጸዳ ቀድማችሁ ጠይቁ። የመብረቅ መከላከያውም በዲሲው በኩልም በኤሲው በኩልም ይኑር።

የመጨረሻው ዋስትናው ነው። «ከተፈቀደው ከፍታ በላይ ከተተከለ አያገለግልም» የሚል አንቀጽ አለመኖሩን አይታችሁ ነው የምትፈርሙት። አንዴ ለአንድ ሻጭ «በ2,800 ሜትር ይህን ኃይል እንደሚሰጥ ዋስትናው ላይ ጻፍልን» አልነው። «ችግር የለም፣ አሁኑኑ» አለ። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤው መጣ። ዋጋው ከፍ ብሏል፣ የሞዴሉ ቁጥርም ሌላ ነበር።