የክንድ ማደንዘዣ ላይ "ማራዘሚያ" ስንጨምር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከመንዝ ክንዱ ተሰብሮ የመጣ ሰው ሙሉ ሰመመን ሳያስፈልገው፣ ክንዱ ብቻ ደንዝዞ ኦፕራሲዮን ሊደረግ ይችላል። ግን ማደንዘዣው ቡፒቫኬይን ብቻውን ብዙ ጊዜ ሌሊቱን አያሻግረውም። ስለዚህ ማራዘሚያ፣ ማለትም ድንዛዜውን የሚያቆይ ሌላ መድኃኒት፣ እንጨምራለን። ደብረ ብርሃን ላይ እኛ የአኔስቴዚያ ሰዎች ቡና ስንጠጣ ደጋግመን የምናነሳው ጉዳይ ነው።

ትልቁ ስህተት የሳተን መርፌ በማራዘሚያ ለማዳን መሞከር ነው። ዴክሳሜታሶን የሚባለው ማራዘሚያ የያዘውን ብሎክ (ነርቭ ዳር በመርፌ የሚሰጠውን ማደንዘዣ) ያረዝመዋል እንጂ ያልያዘውን አያስይዝም። ጥሬ ወጥ መከለሻ ስለነሰነሱበት አይበስልም። መጀመሪያ መድኃኒቱ ነርቩ ጋ መድረሱን አልትራሳውንዱ ላይ ይዩ።

ሁለተኛው በዓይን ግምት መቀላቀል ነው። የሌላው ማራዘሚያ፣ የአድሬናሊን፣ አምፑል በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 1 ሚሊ ግራም ይይዛል። ለ20 ሚሊ ሊትር ማደንዘዣ የሚበቃው 0.1 ሚሊ ሊትር ነው፤ በባለ 100 ዩኒቱ የኢንሱሊን ስሪንጅ 10 ቁጥር ላይ ያለችው ጭረት። አምፑሉን ሙሉ የገለበጠ ሰው አሥር እጥፍ ሰጠ ማለት ነው። ደግሞም ማራዘሚያ ተጨመረ ተብሎ የቡፒቫኬይኑ ገደብ አይለቀቅም። በኪሎ 2 ሚሊ ግራም ካልን፣ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የ0.5 ፐርሰንቱ 24 ሚሊ ሊትር ላይ ያበቃል።

ቁም ሳጥን ውስጥ የተገኘውን ሁሉ መጨመርም አለ። ሚዳዞላም ነርቭን ሊጎዳ ይችላል፣ ይቅር። ኬታሚን ብሎኩን ሳያረዝም ታካሚውን ያቃዠዋል። ዴክስሜዴቶሚዲን በእርግጥ ያራዝማል፤ ግን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚያወርድ ሞኒተር ይፈልጋል።

ዴክሳሜታሶንን ነርቭ ዳር ካልሰጠሁ ብሎ መድረቅስ? በደም ሥር ቢሰጥም ብሎኩን ያራዝማል፣ ልዩነቱ ትንሽ ነው። እኔ ደም ሥሩን እመርጣለሁ። ሮፒቫኬይን በሚባለው ሌላ ማደንዘዣ ውስጥ ሲቀላቀል ደግሞ ደቃቅ ክሪስታል ሊሠራ ይችላል። ዴክሳሜታሶን ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ፣ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ከሆነ ስኳሩን መለካት አይረሳ።

በጣም የሚያናድደኝ ግን ታካሚውን ሳይነግሩ መሸኘት ነው። የኛ አገር ብርድ ይታወቃል፤ ሰው ቤቱ ሲገባ የሚቀመጠው ምድጃ ዳር ነው። የደነዘዘ ክንድ ደግሞ ሲቃጠል አይጮህም። ጀሶው ጠብቆ ጣቶቹ ቢጠቁሩ ወይም ቢቀዘቅዙ ሕመም አያስጠነቅቀውም። ስለዚህ አጠገቡ ያለ ሰው ጣቶቹን ማየት አለበት። ክንዱም ታስሮ አንገት ላይ ይንጠልጠል።

"አባባ፣ ክንድዎ እስከ ነገ ላይሰማዎት ይችላል። እሳት አያስጠጉት።"

"ሞቶ ነው እንዴ ልጄ?"

"ኧረ ተኝቶ ነው! ሲነቃ ግን በአንዴ ነው የሚያመው። ኪኒኑን ሳያምዎት፣ ማታ ሊተኙ ሲሉ ይዋጡት።"

አጠገባቸው ወዳለችው ልጃቸው ዞረው፣ "ሰማሽ? ዛሬ እሳቱን አንቺ ቆስቁሺ" አሏት።