ከብዙ ሰው ሐሳብ ከመሰብሰባችሁ በፊት

ለሁሉም ሠራተኛ «አዲስ ሐሳብ አምጡ» የሚል መልእክት ሲላክ ተመልሶ የሚመጣው በአብዛኛው ቅሬታና ምኞት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጥያቄውን አጥብቡት። «ደንበኛን እንዴት እናስደስት?» ለማንም አይጨበጥም። «ደንበኛው ከከፈለ በኋላ ዕቃው እጁ እስኪገባ የሚወስደውን 3 ቀን በምን ወደ 1 ቀን እናውርደው?» ሲባል ግን የመጋዘን ሠራተኛውም የሒሳብ ክፍሉም የሚለው አያጣም። ከሥሩ የበጀቱን ጣሪያ፣ የማይነካውን ነገርና ከዚህ ቀደም ተሞክሮ ያልሠራውን ጻፉ። ይህ የመጨረሻው ከቀረ ያው ሐሳብ መልኩን እየቀያየረ ይጎርፋል።

በጀት የሚመድበው ኃላፊ ከመነሻው በስም ይታወቅ። ካልተገኘ ጥሪው ይቆይ።

ጥሪው 2 ሳምንት ይበቃዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ለየብቻው ይጻፍ፤ የሌላው ሐሳብ አይታየው። እ.ኤ.አ. በ1958 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲያነጻጽሩ፣ ለየብቻ ያሰቡ ሰዎች ሐሳብ ሲደመር አብረው ተቀምጠው ካሰቡት በልጦ ነበር። ተራ መጠበቅና የሰው ትችት መፍራት ሐሳብ ይገድላሉ። በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም ሐሳብ ይከፈትና ይተች፣ ይዳብር። የድምፅ ቆጠራውን ግን እስከ መጨረሻው ደብቁ፣ ቅደም ተከተሉንም ለእያንዳንዱ አንባቢ አዘበራርቁት፤ አለዚያ ቀድሞ የገባው ሐሳብ ቀድሞ ስለገባ ብቻ ያሸንፋል።

ቅጹ አራት ጥያቄ ይኑረው፦ ችግሩ ማንን ይነካል? ምን ይደረግ? በ30 ቀን ውስጥ በትንሹ እንዴት ይሞከራል? ምን ከታየ አልሠራም እንላለን? አራተኛውን መመለስ ያቃተው ሐሳብ ገና አልበሰለም።

ብዙዎች የሚወድቁት ማጣሪያው ላይ ነው። የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2006 ባደረገው ጥሪ ከ150,000 በላይ ሰው ተሳትፎ 46,000 ገደማ ሐሳብ ጎርፏል፤ ገንዘብ የተመደበላቸው 10 ሥራዎች ናቸው። የናንተ 400 ብቻ ቢሆን እንኳ፣ እያንዳንዱን 3 ሰው ለ3 ደቂቃ ቢያነበው 60 ሰዓት ይፈጃል። ይህ ጊዜ አስቀድሞ ከአንባቢዎቹ መደበኛ ሥራ ላይ ይቀነስ። ከ5 ነጥብ ሲሰጡም አማካዩን ብቻ አትመኑ። ሦስቱም 3 የሰጡት ሐሳብ ማንንም ያላስቆጣ ነው፤ አንዱ 5፣ ሌላው 1 የሰጡት ግን ቁጭ ተብሎ ሊመከርበት ይገባል።

ላልተመረጡት ሁሉ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የተመረጡት 3 ወይም 4 ይሁኑ፤ ለአቅራቢዎቹም ሙከራውን የሚመሩበት በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ይፈቀድላቸው።