የመኪና ኤሲ ጋዝ ሲያስሞሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ኤሲው አልቀዘቅዝ ብሏል፣ ጋዝ ጨምርበት።» መካኒኮች በየቀኑ የሚሰሙት ጥያቄ ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተትም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። ጋዙን ከሚጨምቀው ኮምፕረሰር ሙቀቱን አውጥቶ ፈሳሽ ወደሚያደርገው ኮንደንሰር፣ ግፊቱን ዝቅ በሚያደርገው ኤክስፓንሽን ቫልቭ አልፎ የውስጡን አየር ወደሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተር፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ ኮምፕረሰር እየዞረ በተዘጋ መስመር ውስጥ ይኖራል። በጎማ ቱቦዎቹና በማሸጊያዎቹ በኩል በዓመታት ጊዜ ጥቂት ሊቀንስ ይችላል። ተሞልቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ካለቀ ግን የሚያፈስ ቦታ አለ።

ስለዚህ ሳያስፈትሹ አያስሞሉ። ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ የሚያፈሰው ቦታ አቧራ የያዘ ቅባት ይታይበታል። የቱቦ መጋጠሚያዎችን፣ የኮንደንሰሩን የታችኛ ጥግ፣ የኮምፕረሰሩን ፊት፣ ጋዝ የሚሞላባቸውን ቫልቮች በባትሪ እያበሩ ይመልከቱ። ቅባት ካልታየ የሳሙና አረፋ፣ ጋዝ የሚያሸት መሣሪያ ወይም በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያበራ ቀለም አለ። የቫልቮቹ ክዳን ራሱ ማሸጊያ ስለሆነ ጠፍቶ ከሆነ ይተኩት፤ ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ ጥቅሙ ብዙ ነው።

ማፍሰሱን ችላ ብሎ በየጊዜው መጨመር ርካሽ ይመስላል፤ እኔ ግን ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው እላለሁ። ኮምፕረሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት የሚዞረው ከጋዙ ጋር ነው። ጋዙ ሲያንስ ዘይቱ በደንብ አይመለስለትም፤ በየፍሳሹም ራሱ ዘይቱ ይቀንሳል። ኮምፕረሰሩ ደርቆ ከተያዘ ደግሞ የብረት ብናኙ በመስመሩ ሁሉ ይበተናል፤ ያኔ ኮንደንሰሩንና እርጥበት የሚመጠውን ድራየር ጭምር ሊያስቀይር ይችላል። አንዲት የጎማ ቀለበት በጊዜ ቢቀየር ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ቀዳዳ ይደፍናል ተብሎ ከጋዝ ጋር የሚጨመረው ፈሳሽም መፍትሔ አይደለም። ቫልቭ ሊዘጋ፣ ጋዙን ከመኪናው መልሶ የሚስበውን የጋራዥ ማሽን ሊያበላሽ ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ስህተት የጋዙን ልክ በጌጅ (በግፊት መለኪያ) ብቻ መፍረድ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የአየሩ ሙቀት 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን አር-134ኤ የተባለው የኤሲ ጋዝ ያለበት መስመር ጌጁ ላይ 82 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) አካባቢ ያሳያል። ውስጡ ፈሳሽ ሆኖ የተቀመጠ ጋዝ እስካለ ድረስ 200 ግራምም ይሁን 700 ግራም መርፌው ያው ቦታ ላይ ነው የሚቆመው። ሞተሩ ሲሠራ የሚነበበውም ቢሆን በአየሩ ሙቀት፣ ኮንደንሰሩን በሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ (ቬንትሌተር) እና በሞተሩ ዙር ይለዋወጣል። ጌጅ ችግርን ለመመርመር ይረዳል፤ ልክን ግን የሚናገረው ሚዛን ነው። ኮፈኑን ሲከፍቱ የጋዙን ዓይነትና መጠን በግራም የሚገልጽ ጽሑፍ ያገኛሉ። ትክክለኛው አሠራር ያለውን ጋዝ በማሽን ተቀብሎ፣ ቫኪዩም አድርጎ (መስመሩን በፓምፕ ባዶ አድርጎ)፣ በተጻፈው ልክ መዝኖ መሙላት ነው። «ትንሽ ይብዛለት» ማለት ማቀዝቀዙን ይቀንሰዋል፦ ትርፉ ፈሳሽ ኮንደንሰሩ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ኮምፕረሰሩ ይጨናነቃል።

ቫኪዩሙን መዝለልም የተለመደ ነው። መስመሩ ተከፍቶ ከነበረ አየርና እርጥበት ገብቶበታል። አየር ኮንደንሰር ውስጥ ወደ ፈሳሽ ስለማይለወጥ ግፊት ብቻ ይጨምራል። እርጥበቱ ኤክስፓንሽን ቫልቩ ላይ በረዶ ሠርቶ መንገዱን ይዘጋል፤ ሲቀዘቅዝ ቆይቶ ድንገት የሚያቆም፣ አረፍ ሲል ደግሞ የሚመለስ ኤሲ አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው። ሲቆይም ከጋዙና ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ አሲድ ይፈጥራል። ቫኪዩም ፓምፑ ግፊቱን በጣም ዝቅ ሲያደርገው ውሃው ሳይሞቅ ፈልቶ በእንፋሎት መልክ ይወጣል፤ ለዚህ ጊዜ ስለሚያስፈልግ ከ30 ደቂቃ በታች አይበቃም። ከዚያ ቫልቮቹ ተዘግተው፣ ፓምፑ ጠፍቶ መርፌው ይታያል። ወደ ላይ መነሣት ከጀመረ መስመሩ ያፈሳል ወይም እርጥበት አልለቀቀም፤ ጋዝ መሙላት የለበትም። ድራየሩም መስመሩ ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ ከቆየ ይቀየር።

ጋዝ ማደባለቅ በጭራሽ አይሞከርም። አዳዲስ መኪኖች አር-1234ዋይኤፍ፣ ከዚያ የቀደሙት አር-134ኤ ይጠቀማሉ፤ በአውሮፓ ኅብረት ከ2017 ጀምሮ አዲስ መኪና በአር-134ኤ መሸጥ አይቻልም። የሁለቱ መሙያ አፍ ሆን ተብሎ የተለያየ ነውና በአስማሚ አስገድዶ መሙላት ስህተት ነው። በማብሰያ ጋዝ የሚሞሉም አሉ። ኢቫፖሬተሩ ያለው ተሳፋሪው ካለበት ክፍል ጋር ነው፤ ካፈሰሰ ተቀጣጣዩ ጋዝ የሚሞላው እዚያው ነው። ጋዙን ወደ አየር መልቀቅም ቀላል ነገር አይደለም። 1 ኪሎ አር-134ኤ በ100 ዓመት ስሌት ከ1,400 ኪሎ የሚበልጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያህል አየሩን ያሞቃል።

በትንሽ ቆርቆሮ ራስዎ የሚሞሉ ከሆነ በወፍራሙ ቱቦ ላይ ባለው የዝቅተኛ ግፊት አፍ ብቻ ይሙሉ። በከፍተኛው በኩል ካገናኙት ግፊቱ ተመልሶ ቆርቆሮውን ሊያፈነዳ ይችላል። የዓይን መከላከያና ጓንት ያድርጉ፤ የሚረጨው ፈሳሽ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ሃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪና ግን ለባለሙያ ይተዉት። የብዙዎቹ ኮምፕረሰር በከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚሠራ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ የራሱ ዘይት አለው፤ የተለመደው ዘይት ከገባበት አደገኛ ነው።

ብዙ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ ጭራሽ የጋዝ አይደለም። ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር በጭቃና በነፍሳት ተደፍኖ ይሆናል። በቀስታ በሚወርድ ውሃ ይታጠብ እንጂ በከፍተኛ ግፊት አይመታ፤ ስሱ ክንፎቹ ይታጠፋሉ። መኪናው ሲሄድ እየቀዘቀዘ ሲቆም የሚሞቅ ከሆነ መጀመሪያ ቬንትሌተሩ መዞሩን ይዩ። የሚወጣው ንፋስ ራሱ ካነሰ የካቢን ፊልተሩን አውጥተው ይመልከቱ።

በብርድ ወራት ኤሲውን ጨርሶ አለመክፈትም ጉዳት አለው። በሳምንት አንዴ ለ10 ደቂቃ ያህል ይሥራ፤ ዘይቱ ዞሮ ማሸጊያዎቹ እንዳይደርቁ ይረዳል። መጥፎ ሽታ ካለ ከመድረስዎ ጥቂት ደቂቃ አስቀድመው ኤሲውን አጥፍተው ንፋሱን ብቻ ይተዉት፣ ኢቫፖሬተሩ ይደርቃል። ከመኪናው ሥር ውሃ ሲንጠባጠብ አይደንግጡ፤ ይልቅ መንጠባጠቡን ትቶ የውስጡ ምንጣፍ ከረጠበ የውሃ መውረጃ ቱቦው ተደፍኗልና ያስጠርጉት።