ስዊቹ መሃል ላይ ሲሆን ድምፁ ለምን ይሳሳል? ሁለት ፒክአፖችን ያስማማሁበት መንገድ

የኤሌክትሪክ ጊታሬን ፒክአፖች፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል የሚቀይሩትን ክፍሎች፣ ሁለቱንም ቀየርኩ። ሀምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል) ናቸው፣ ግን የተለያየ አምራች። ለየብቻቸው ድምፃቸው ግሩም ነው። ስዊቹ መሃል ላይ ሆኖ ሁለቱ አብረው ሲሰሩ ግን ባሱ ድራሹ ይጠፋል፤ የሚቀረው በአፍንጫ የሚወጣ የሚመስል ቀጭን ድምፅ ነው።

ይህ የፌዝ ችግር ምልክት ነው። የሁለቱ ሲግናል ተቃራኒ ሲሆን ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

ማረጋገጫው ደስ ይላል። ጃኩ ላይ ኬብል ሰክቼ መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) 20 ኪሎ ኦም ላይ አድርጌ ከሌላኛው ጫፍ ጋር አገናኘሁት። ቮልዩሙን እስከ መጨረሻው ከፈትኩ። ከዚያ ፒክአፖቹን በየተራ በብረት ካቻቪቴ ጠቅ ማድረግ ነው። በአንገቱ በኩል ያለው ሲነካ ቁጥሩ ለቅጽበት ወደ ላይ ዘለለ፤ የድልድዩ ሲነካ ወደ ታች። በቃ፣ ተገኘ።

የድልድዩን ብቻ ፈትቼ ቮልዩሙ ላይ የነበረውን ጥቁር ሽቦ ወደ ግራውንድ (የሲግናሉ የጋራ መመለሻ)፣ ግራውንድ ላይ የነበረውን አረንጓዴ ወደ ቮልዩም አዛውሬ በየድኩ። አብረው የተበየዱት ነጭና ቀይ አይነኩም። ራቁቱ ሽቦም ግራውንድ ላይ እንዳለ ይቆይ! እሱ አብሮ ከዞረ የፒክአፑ ብረት ሲግናል ይሸከምና ጫጫታ ያመጣል። ቀለሙን ግን ከእኔ አትቅዱ፤ ከፒክአፕ አምራቾቹ በሲይሞር ደንከን ወደ ቮልዩም የሚሄደው ጥቁሩ ሲሆን በዲማርዚዮ ቀዩ ነው። የአምራቹን ሥዕል እዩ።

የፒክአፑ ሽቦ አንድና በብረት መረብ የተጠቀለለ ብቻ ከሆነ ማገላበጡ ከባድ ነው። ያኔ ባለ 4 ሽቦውን ሌላኛውን ፒክአፕ ማገላበጥ ይቀላል፤ ውጤቱ አንድ ነው።